ስም ያልተጻፈበት ሦስት መቶ ስድሳ

ጋሽ አድማሱ መሞታቸውን የነገረኝ ኤልያስ ነው። የደወለልኝ ሐፍላ፣ ማለትም የከተማ አውቶቡስ፣ ውስጥ በሰው ተጨናንቄ ቆሜ ሳለሁ ነበር። «ኡስታዝ ኻላስ» አለኝ፤ መምህሩ አበቃላቸው ማለቱ ነው። ኤልያስ አማርኛው ሲጠፋበት ወደ ዐረብኛ ይሮጣል፣ እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ቃሉ የጠፋበት አልመሰለኝም፣ በአማርኛ ማለቱን ፈርቶት ነው። ጠዋት ክፍላቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው የተገኙት። ፊታቸው ወደ በሩ ነበር፤ አጠገባቸው ሌላ ባዶ ወንበር አስጠግተዋል። ቀብሩ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ከነገረኝ በኋላ፣ ሐበሻው ተበታትኖ ሳጥኑን የሚሸከም ሰው መጥፋቱን ጨመረልኝ።

ስልኩን ዘግቼ ከሐፍላው ወረድኩ። መውረጃዬ አልነበረም። የሚሸከም ሰው ጠፋ የሚለው ነገር ስለ ሌላ ሰው ቢነገረኝ ኖሮ አዝን ነበር። ስለ ጋሽ አድማሱ ሲነገረኝ ግን ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው መጀመር አለብኝ።

እኔ በጂን የማምን ሰው አይደለሁም። እናቴ ታምናለች፤ ወሎዬ ናት፣ የፈላ ውሃ ደጅ ስትደፋ ቢስሚላህ ሳትል አትደፋም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ነገሩን ካላጣራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ «ይች ልጅ ደረቅ ናት» የምትለኝም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ያየሁትን አየሁ እላለሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም እላለሁ። ከዚያ በላይ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልስ የለኝም።

ጋሽ አድማሱን ያወቅኋቸው በሰውራው ዓመት ነው፤ ሱዳኖች አብዮታቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጎማ ይቃጠላል፣ መንገዱ በድንጋይ ይታጠራል። ሸሃዳ፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተናችን፣ ደርሷል ሲባል ይራዘማል፣ ተራዝሟል ሲባል ደርሷል ይባላል። እኔ በሙከራ ፈተናው ፊዚክስ ወድቄ ነበር፤ በተለይ ሞመንትና ኃይል የሚባለው ምዕራፍ አንድም ጥያቄ አልተመለሰልኝም። እናቴ ማንሺያ በሚባለው የሀብታም ሠፈር በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ታድር ነበር፣ የምትሠራው እዚያው ነው። የቤቱ እመቤት ለእኔም የሥራ ቦታ አዘጋጅታልኛለች፤ ከወደቅሁ ከኩሽናው ኋላ ባለችው ክፍል ከእናቴ ጋር እገባለሁ። አልጋዬ ሳይቀር ገብቶ ነበር። በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ የፍራሹ ላስቲክ ገና አልተላቀቀም።

ከዚያ ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብሎ ተጀምሮ የቀረ ቪላ አለ። ባለቤቱ በድሮው መንግሥት ትልቅ ሰው ነበር ይባላል፤ ነገሩ ሲከፋ አገር ጥሎ ወጣ፣ ቤቱም በርና መስኮት ሳይገባለት፣ ግድግዳው ሳይለሰን ቆመ። የዚያ ቤት ገፊር፣ ማለትም ዘበኛ፣ ጋሽ አድማሱ ነበሩ። በአገራቸው የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። በደርግ ጊዜ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው ካርቱም ገቡና ሠላሳ ምናምን ዓመት ቆዩ። እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝና «ጋሽ አድማሱ፣ ይችን ልጅ አንቱ ጋ ጥያታለሁ፤ አደራ» አለቻቸው። እኔ ሰላም ልበል ብዬ «እንዴት ነህ?» አልኳቸው። እዚያ ያደግን ልጆች የምንፈጽመው ጥፋት ነው፤ በዐረብኛው ለትልቁም ለትንሹም አንድ ስለሆነ አፋችን ሰው አይለይም። እናቴ በሐፍረት ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። እሳቸው ግን ከልባቸው ሳቁና «እኔ ደህና ነኝ፤ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አማርኛዬን ከፊዚክሱ ጋር አብረው ያርሙልኝ ነበር። አሁን የምጽፍበትን አማርኛ ያገኘሁት ከዚያ ግድግዳ ነው።

ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው በሙቀቱም ቢሆን እስከ አንገታቸው የተቆለፈ። ጠመኔያቸውን ጆሯቸው ላይ ይሰኩታል። ሲያስቡ በግራ እጃቸው ቀኝ ትከሻቸውን ያሻሉ፤ ያማቸው እንደሆነ ስንጠይቃቸው ምንም የለም ይሉናል። አንድ ሌላ ልማድ ደግሞ ነበራቸው፦ ከኋላቸው ሰው አያስከትሉም። በርም ይሁን መንገድ፣ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ «ቅደሙ፣ ቅደሙ» ብለው መጨረሻ ላይ ይሆናሉ። መጨረሻ ላይ ሆነውም መታጠፊያ ሲደርሱ ዞር ብለው ወደ ኋላ ያያሉ። እናቴ ትሕትና ነው ትል ነበር። እኔ ግን ትሑት ሰው ወደ ኋላው ምን ያሳየዋል እል ነበር።

ተማሪዎቹ ሦስት ነበርን። እኔ፣ ከጀብራ የሚመጣው ኤልያስ፣ የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ፣ እና ከማዮ ሁለት መኪና ቀይራ የምትመጣው ኢክራም። የምንማረው በየጁምዓው ነው። የቪላው ሳሎን ክፍላችን፣ ያልተለሰነው ግድግዳ ሰሌዳችን ሆነ። መሐል ላይ አንድ ብሎኬት አለ፤ በእሱ ላይ ግንበኞቹ ጥለውት የሄዱት ሦስት ሜትር ሳንቃ ተጋድሟል። ትምህርቱ ሁሉ ያ ሳንቃ ነበር። በመጽሐፍ ያልገባኝ ነገር ሳንቃው ላይ ስወጣ በእግሬ ገባኝ።

የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዳችንን መዘኑን። ሚዛን የላቸውም። በአንድ በኩል ሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ ከመደገፊያው አንድ ሜትር ከሃያ ርቆ ተቀመጠ፤ በሌላው በኩል እኔ ቀስ እያልኩ እየተንፏቀቅሁ ሳንቃው ቀጥ እስኪል ሄድኩ። አንድ ሜትር ከሃያ አምስት ላይ ቆመ። «አሁን ክብደትሽን ራስሽ ንገሪኝ» አሉኝ። አምስት መቶ ኒውተን በአንድ ከሃያ ተባዝቶ፣ ለአንድ ከሃያ አምስት ሲካፈል፣ አራት መቶ ሰማንያ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞመንት የሠራሁት ያኔ ነው፤ ደስ ብሎኝ ከሳንቃው ስዘል ሲሚንቶው ኤልያስ እግር ላይ ሊወድቅ ነበር። ስማችንንና ክብደታችንን ግድግዳው ላይ ጻፉ፦ ዘሃራ አራት መቶ ሰማንያ፣ ኤልያስ አምስት መቶ ሃምሳ፣ ኢክራም አምስት መቶ ሃያ። ከሥር ግን አራተኛ ቁጥር ቀድሞ ተጽፎ ነበር፦ ሦስት መቶ ስድሳ። ስም የለውም።

የማን እንደሆነ ኢክራም ጠየቀቻቸው። «የዘገየ ሰው አለ፤ ይመጣል» አሉ። እኛም አራተኛ ተማሪ አለ ብለን ተቀበልን። ሠላሳ ስድስት ኪሎ ስለሆነ ሕፃን ነው አልን፤ ሕፃን ለሸሃዳ ምን ያደርጋል ብለንም ሳቅን። ግን ጁምዓ በመጣ ቁጥር የእኛ ቁጥሮች ደብዝዘው እናገኛቸዋለን፤ ያኛው ብቻ በአዲስ ጠመኔ ደምቆ ይጠብቀናል። በበሩ በኩል ባለው የሳንቃው ጫፍ ላይም ማንም እንዲቀመጥ አይፈቅዱም። ኤልያስ አንድ ቀን ረስቶ ሲቀመጥበት ክንዱን ይዘው አስነሡት። አልተቆጡም፤ በአውቶቡስ ውስጥ ሰው የያዘውን ወንበር እንደሚያስለቅቁ ነበር ያደረጉት። ከዚያ በኋላ ኢክራም በዚያ ጫፍ አጠገብ ማለፍ ተወች።

የማስተማር ዘዴያቸው አንድ ነው። ጥያቄውን ይነግሩናል፤ ከመቁጠራችን በፊት ዕቃውን ለብቻው እንስላለን፣ የሚነኩትንም ኃይሎች ሁሉ በቀስት እናስቀምጣለን። ጨርሰናል ስንል ግድግዳውን በጣታቸው አጥንት ሁለቴ ያንኳኩና «ማን ቀረ?» ይላሉ። ምን ቀረ አይሉም፣ ማን ቀረ ነው የሚሉት። እኔ ሁልጊዜ የሳንቃውን የራሱን ክብደት እረሳለሁ። ኤልያስ መደገፊያው ወደ ላይ የሚገፋውን ይረሳል። የረሳነውን እስክናገኝ ድረስ ቁጥር አያስነኩንም። «ወደ ታች የሚጫን ካለ፣ ወደ ላይ የያዘው አለ። ካላገኛችሁት የለም ማለት አይደለም፤ አላያችሁትም ማለት ነው» ይሉን ነበር። እኔ ያኔ ይህን የፊዚክስ ነገር ብቻ አድርጌ ነበር የምሰማው።

የሀቡቡ፣ የአሸዋ ማዕበሉ፣ ቀን የሆነውን አሁንም ድረስ አልፈታሁትም። ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ እንደ ሸክላ ቀይ ሆነና አሸዋው ቤቱ ውስጥ ገባ፤ መስኮት የሌለው ቤት ምን ይከለክለዋል። በጠራራ ፀሐይ ሰዓት ጨለመ። ከደረጃው ሥር ተጠጋግተን አፋችንን በሻሻችን ሸፈንን። ከመጠለላችን በፊት እኔ ራሴ አንድ ጡብ በእኛ በኩል ባለው የሳንቃ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ስለነበር ያ ጫፍ መሬት ነክቶ፣ የተከለከለው ጫፍ ወደ ላይ ተነስቶ ነበር። ነፋሱ መሐል ላይ ትንሽ ረገብ ሲል እንጨት ሲንሳጠጥ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ከባድ ነገር ቀስ ብሎ ሲያርፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። በአቧራው ውስጥ ሳንቃው ይታየኛል። ባዶው ጫፍ መሬት ላይ ነው። የእኛ ጫፍ ወደ ላይ ተነስቷል፤ ጡቡም እላዩ ላይ እንዳለ ነው።

ጋሽ አድማሱ ጀርባቸውን ለሳንቃው እንደሰጡ ነበሩ። አልዞሩም። «ተቀመጠ» አሉ በቀስታ፤ ከዚያ ጀምረውት የነበረውን ጥያቄ ቀጠሉ። ኢክራም እጄን ስትጨብጠኝ ጥፍሯ ገባ።

ሀቡቡ እንዳለፈ ሄጄ ሳንቃውን መረመርኩ። ጡቡ ሦስት ኪሎ ነው፤ በእኩል ርቀት ያለው ባዶ ጫፍ እንዲወርድ ከሦስት ኪሎ በላይ አሸዋ ሊጫንበት ይገባል። ያገኘሁት አሸዋ የእፍኜን ግማሽ አይሞላም። ነፋስ ነው አልኳቸው። ነፋስም ኃይል ነውና አቅጣጫውን በቀስት አሳዪ አሉኝ። ሣልኩት። ነፋሱ በበሩ በኩል ነው የገባው፤ የተነሳውን ጫፍ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ ወደ ታች አያወርደውም። ሥዕሉን አዩና ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኩ። «ማን ቀረ?» አሉኝ። ተናድጄ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ለሦስት ቀን ያህልም ያንን ሳንቃ ደብተሬ ላይ ስስልና ስሰርዝ ነበር። ኢክራም ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም፤ በስልክ መንገዱ ተዘግቷል አለችን። መንገዱ እውነትም ተዘግቶ ነበር።

ፈተናው ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ሰልፍ ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ቀን ወደ ድልድዩ ወጣ። እኔና ኤልያስ ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ቪላው ውስጥ ጥያቄ እንሠራለን። ከቀትር በፊት ተኩስ ተሰማ፤ ቀጥሎ የሩጫ ድምፅ፣ ቀጥሎ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ። ሁለት ልጃገረዶች አንድ ወጣት እየጎተቱ ግቢያችን ገቡ። ጭኑን ነው የተመታው፤ ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሷል። አምቡላንስ እንዳንጠራ መንገዱ ሁሉ በድንጋይ ታጥሯል፣ ያጠሩትም ሰልፈኞቹ ራሳቸው ነበሩ። ሐኪሞች ቁስለኛ የሚቀበሉበት ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል።

ጋሽ አድማሱ ሳንቃችንን ከብሎኬቱ ላይ አነሡ። ከአልጋቸው ጋቢያቸውን አምጥተው ልጁን ከሳንቃው ጋር አሰሩት። አስተሳሰራቸው ከዚህ በፊት እንዳሰሩ ያስታውቃል። ኤልያስን ከፊት አቆሙት፣ እሳቸው ከኋላ ሆኑ። እኔ በጎን ሆኜ ቁስሉ ላይ ጨርቅ እጫናለሁ። ከማንሳታቸው በፊት «ወደ እኔ ሳቡት» አሉ። ሳብነው። «ገና ነው፤ ወደ እኔ» አሉ። የልጁ ራስ ከደረታቸው ሊገናኝ እስኪደርስ አስሳቡን። በዓይኔ ስለካው ልጁ ከኤልያስ ሁለት እጅ፣ ከእሳቸው አንድ እጅ ነው የሚርቀው። ስድሳ ኪሎ ቢሆን አርባው በእሳቸው ላይ ነው። እሳቸው ደግሞ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሁለት ባልዲ ውሃ ሲያነሡ የሚቆሙ ሰው ናቸው።

አንድ ጊዜ እንኳን አላረፍንም። እኔ በየጥቂቱ ዞር እያልኩ አያቸዋለሁ፤ ይወድቃሉ ብዬ ነው። ግንባራቸው ላይ ላብ የለም። ትንፋሻቸው አይሰማም። ሳንቃው እንደ ውሃ ልክ ቀጥ ብሏል። ከዚያ እጃቸውን አየሁ። ጣቶቻቸው ሳንቃውን አልጨበጡትም፤ ከሥሩ ተዘርግተው ነበር፣ አንድ ነገር ከላይ እንዳይወድቅ እንደሚጠብቅ ሰው እጅ። ያን ሁሉ መንገድ ሲሄዱም አንድም መታጠፊያ ላይ ወደ ኋላ አላዩም። ልጁን አስረከብንና ተመለስን። ልጁ ዳነ፤ በኋላ እያነከሰ መጥቶ አመስግኗቸዋል።

ወደ ቪላው ስንመለስ ሳንቃውን በውሃ አጥበው ወደ ቦታው መለሱት። ኤልያስ እጁን እያየ «ዋላሂ ምንም አልከበደኝም፤ ባዶ ሳንቃ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ሁሉን እርስዎ ተሸክመውት ነው» አላቸው። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ጋሽ አድማሱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና «እኔም አልከበደኝም» አሉ። ኤልያስ በትሕትና ያሉት መስሎት ፈገግ ብሎ ሊታጠብ ወጣ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ስድሳ ኪሎ ወደ ታች አለ። ከፊት ያለው አልተሸከመውም፣ ከኋላ ያለው አልተሸከመውም። ሒሳቡ አልዘጋ አለኝ።

ያኔ ጠመኔያቸውን ከጆሯቸው አወረዱና ግድግዳው ላይ ጥያቄ ጻፉልኝ። ረጋ ብለው፣ እየጮኹ በማንበብ ነው የጻፉት። «አንድ ሰው ታሟል። በጋቢ ተጠቅልሎ ሦስት ሜትር እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል። ክብደቱ አምስት መቶ አርባ ኒውተን ነው። ሁለት ሰዎች በትከሻቸው ይዘውታል፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። መጀመሪያ በሽተኛው መሐል ላይ ነበር። ባረፉ ቁጥር ግን ከፊት ያለው ሰው ጋቢውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በሦስተኛው ቀን በሽተኛው ከኋለኛው ትከሻ አንድ ሜትር ላይ ነው። እያንዳንዳቸው ስንት ተሸክመዋል?»

ሣልኩት። ቀስቶቹን አስቀመጥኩ። ሞመንቱን ከኋለኛው ትከሻ ወሰድኩ፦ አምስት መቶ አርባ በአንድ ተባዝቶ፣ ለሦስት ሲካፈል። የፊተኛው መቶ ሰማንያ። የኋለኛውን ስጽፍ እጄ ቆመ። ሦስት መቶ ስድሳ ነው። ያ ቁጥር የሰው ክብደት አልነበረም፤ አንድ ሰው የተሸከመው ነበር።

«ከኋላ ያለው አላወቀም?» አልኳቸው።

«አልተማረም» አሉ። «የተማረው ከፊት ነበር።»

ብሎኬቱ ላይ ተቀመጡና ቀሪውን ነገሩኝ፤ ድምፃቸው የትምህርት ሰዓት ድምፃቸው ነው። ወደ ሱዳን ሲወጡ ወባ የያዘውን ጓደኛቸውን ተሸክመው ነበር። ከኋላ የያዘው ይርጋ የሚባል የቆላ ልጅ ነው፤ መንገድ ሊያሳያቸው የመጣ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ከእሳቸው የሚያንስ ሰውነት ያለው። እሳቸው ደክሟቸው ነበር፣ ፈርተዋልም፤ ጋቢውን መጀመሪያ ሲገፉት አንድ ጣት ብቻ ነው፣ ማንም አይጎዳም ብለው። በሦስተኛው ቀን ይርጋ ቁጭ አለና «ቅደሙ፤ እደርሳለሁ» አላቸው። ግመል የሚነዱ ሰዎች ስለመጡላቸው ቀደሙ። በሽተኛው ዳነ። በማግስቱ ይርጋን ፍለጋ ቢመለሱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ የለም። ሬሳም የለም፣ ዱካም የለም። ሞተ ብለው እንዳያለቅሱ አላዩትም፤ አለ ብለው እንዳይተዉት አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ነው ከሁሉም ሰው ኋላ የሚሄዱት።

«ይህን ጥያቄ ስንት ተማሪ ሠርቶልኛል» አሉኝ። «ሁሉም ሦስት መቶ ስድሳ ይሉኛል፣ ትክክል እላቸዋለሁ። ከኋላ ያለው አላወቀም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።»

ዛሬስ ከኋላዎ ማን ነበር ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ ተውኩት። እሳቸው ግን የጠየቅኋቸው ያህል መለሱልኝ። «ዛሬ ከኋላዬ የያዘ ሰው ነበር። ትንፋሹን አንገቴ ላይ ሰምቼዋለሁ። ዞሬ አላየሁም፤ ባየው የሚሄድ መሰለኝ።» ይህን ብለው ትከሻቸውን አሹና ተነሡ። አዘንኩላቸው፣ ፈራኋቸውም፤ ሁለቱ እኩል ነበሩ።

ከዚያን ቀን በኋላ ያን ቁጥር በጠመኔ አላደሱትም። እንደ እኛው ቁጥሮች እየደበዘዘ ሄደ።

ፈተናው ላይ ሁለት ሠራተኞች ዕቃ በእንጨት ይዘው ሲሄዱ የሚያሳይ ጥያቄ መጣ። ብዙዎቹ ጓደኞቼ የእንጨቱን ክብደት ረስተው ወጡ። እኔ ሠርቼ ስጨርስ ጠረጴዛዬን ሁለቴ አንኳኳሁ፤ ፈታኟ ተቆጣችኝ። አለፍኩ። ላስቲኩ ያልተላቀቀው አልጋ ላይ ከወሎ የመጣች ሌላ ልጅ ተኛች፤ እናቴ ስትነግረኝ ደስታዬ ጎድሎ ነበር። ለጋሽ አድማሱ ውጤቴን ላሳይ ስሄድ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣ «የት ላይ ነው የተሳሳትሽው?» አሉኝ። ያልተሳሳትኩትን አልጠየቁኝም።

ከዚያ ወዲያ በዓመት ሁለት ሦስቴ እየሄድኩ አያቸው ነበር። አሁንም ሲሸኙኝ ከኋላዬ ነው የሚሄዱት፤ ወደ ኋላ ማየቱን ግን ትተው ነበር። አዲስ መንግሥት መጣ፣ የቪላው ባለቤት አልመጣም። ሳንቃው ብሎኬቱ ላይ እንዳለ ነው። በመጨረሻ የሄድኩ ቀን ክፍላቸው ውስጥ ሁለት ወንበር አየሁ። እንግዳ አለ እንዴ አልኳቸው። «ኢንሻላህ» አሉኝ እየሳቁ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ካርቱም የቆየ ሰው ሁሉ ያንን ቃል ይላል።

የቀብሩ ቀን መቃብር ስፍራው ስደርስ ሳጥኑ መሬት ላይ ነበር። የሠፈሩን ሐበሻ ቀብር የሚያስተባብሩት ሽማግሌ ሰዎቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ነው። ኤልያስ አለ፣ ሌሎች አራት ወንዶች አሉ፤ አምስት ሆኑ። እጀታው ስድስት ነው። «አንድ ሰው ቀረ» አሉ ሽማግሌው፣ ዙሪያውን እያዩ።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

ሴት ልጅ፣ ያውም ሻሽ ያሰረች እስላም፣ የክርስቲያን ሳጥን ልትሸከም ስትነሳ ምን ይባላል። ሽማግሌው ከፊት ሁኚ፣ እዚያ ይቀላል አሉኝ። ከኋላ ነው የምይዘው አልኳቸው። ኤልያስ «ተዋት አባቴ፣ ኡስታዝ ናቸው ያስተማሯት» አለና ነገሩ አለቀ።

ሳጥኑ ተነሣ። እኔ ሒሳቡን አስቀድሜ ሠርቼዋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ማሰብ ስላልቻልኩ ነው። እሳቸውና ሳጥኑ አንድ ላይ ዘጠና ኪሎ ቢሆኑ ለስድስት ሰው አሥራ አምስት ይደርሳል፤ ጭንቅላታቸው በእኛ በኩል ስለሆነ ከኋላ ላለነው ሃያ። ትከሻዬን አጠንክሬ፣ ጥርሴን ነክሼ ክብደቱን ጠበቅሁ። አልመጣም። እንጨቱ ትከሻዬን ነክቶታል፣ ግን አይጫነኝም። ጥቂት እንደሄድን መዳፌን በእንጨቱና በትከሻዬ መሐል አስገባሁ፤ ያለ ችግር ገባ። ከጎኔ ያሉት ሰውዬ ልባቸው የሚያስቸግራቸው ናቸው። በዝቅታ «ከብዶሻል?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «እኔንም» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ እስክናወርድ ድረስ ቀና አላሉም። አንገቴ ላይ የሰው ትንፋሽ ተሰማኝ። የካርቱም ሙቀት ነው፣ ወሩም የሙቀት ወር ነው ብያለሁ። አልዞርኩም።

ካወረድናቸውና አፈር ከለበሱ በኋላ ሰዉ ሰማዩ ስለቀላ ቶሎ ቶሎ መውጣት ጀመረ። እኔ የብረቱን በር ይዤ በጎን ቆምኩና «ቅደሙ፣ ቅደሙ» አልኩ። ሁሉም ወጣ። ኤልያስ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ያላ ዘሃራ፣ እንሂድ አለኝ፣ እመጣለሁ አልኩት። በስተውስጥ በኩል መንገዱ ባዶ ሆነ። የሚታየኝ አቧራው ላይ የተሸካሚዎቹ ዱካ ብቻ ነው፤ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት። ይልቅ በሩን በደንብ ከፈትኩት።

«ይርጋ፣ አሁን አንተ ቅደም» አልኩ።

አንድ ሰው የሚያልፍበትን ያህል ጠበቅሁ። ከዚያ በሩን ዘግቼ ከኋላ ተከተልኩ።